ፕሮፌሰሩ ለእንግዳ ተማሪዎች ሲሉ ቋንቋቸውን መለወጥ ነበረባቸውን?

አወያይ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ የዛሬው ክርክራችን የሚነሳው ሴድሪክ ክላፒሽ በ2002 ካዘጋጀው «ሎበርዥ ኤስፓኞል» ከተባለው የፈረንሳይ ኮሜዲ ፊልም ነው (በዚህ ክርክር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛቪዬ የተባለ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ኢራስመስ በተባለው የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ልውውጥ ከፓሪስ ወደ ባርሴሎና ሄዶ ከእንግሊዝ፣ ከጀርመን፣ ከጣሊያን፣ ከዴንማርክ፣ ከቤልጂየምና ከራሷ ከስፔን ከመጡ ወጣቶች ጋር አንድ አፓርታማ ይጋራል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ቤልጂየማዊቷ ኢዛቤል በካታላንኛ፣ ማለትም ባርሴሎና ባለችበት በስፔኗ የካታሎኒያ ክልል ቋንቋ፣ የሚያስተምሩትን ፕሮፌሰር ትምህርቱን በስፓኝኛ እንዲሰጡ ትጠይቃቸዋለች፤ ካታላንኛ የማይሰሙ የውጭ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፣ የአገሩ ልጆች ደግሞ ሁሉም ስፓኝኛ ያውቃሉ ትላለች። ፕሮፌሰሩ ካታላንኛ በካታሎኒያ ይፋዊ ቋንቋ መሆኑን ገልጸው፣ ስፓኝኛ የሚፈልግ ወደ ማድሪድ ወይም ወደ ደቡብ አሜሪካ መሄድ እንደሚችል ይመልሳሉ። ከሁለቱ እውነቱ ከማን ጋር ነው?

የፊልም ወዳጅ፦
እኔ ከኢዛቤል ጋር ነኝ። ኢራስመስ በ1987 የተጀመረው የአንዱ አገር ወጣት በሌላው አገር ገብቶ እንዲማርና ጎረቤቱን እንዲያውቅ ነው። መምህሩም ተማሪዎቹም የሚጋሩት ቋንቋ እያለ፣ ብዙ ተማሪዎች የማይሰሙትን መርጦ ማስተማር የመምህርነትን ዋና ግዴታ ወደ ጎን ማድረግ ነው፤ መምህር ክፍል የሚገባው ተማሪው እንዲረዳው ነውና። ፊልሙ ራሱ በአፓርታማው ውስጥ ሌላ መንገድ ያሳየናል። ከስልኩ አጠገብ በየቋንቋው ዓረፍተ ነገሮች የተጻፉበት ወረቀት ተለጥፏል፤ የማንም እናት ብትደውል ስልኩን ያነሳው ሰው ወረቀቱን እያነበበ ልጇ ቤት እንደሌለ ይነግራታል። እነዚህ ልጆች ለማያውቋት እናት ያሳዩትን ትሕትና ፕሮፌሰሩ ለተማሪዎቻቸው ነፍገዋል። «ወደ ማድሪድ ሂዱ» ማለት ከእንግዳ ተቀባይ የሚጠበቅ መልስ አይደለም።

ከባርሴሎና፦
ወንድሜ ስለ ትሕትና የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ የፕሮፌሰሩ አነጋገር ሸካራ ነበር። ይሁን እንጂ የአነጋገሩ ሸካራነት የጥያቄውን መልስ አይለውጠውም። ይህች ከተማ ከ1939 እስከ 1975 በዘለቀው የጄኔራል ፍራንኮ አምባገነናዊ አገዛዝ ካታላንኛ ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲባረር አይታለች፤ አንድ ትውልድ ሙሉ በቤቱ የሚናገረውን ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ሳይማር አድጓል። የ1978ቱ ሕገ መንግሥት ስፓኝኛን የመላው አገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ አድርጎ ሲያጸና፣ ሌሎቹ ቋንቋዎች ደግሞ በየራስ ገዝ ክልላቸው ይፋዊ እንዲሆኑ ፈቅዷል። ፊልሙ ከመሠራቱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በ1998 የወጣው የካታሎኒያ የቋንቋ ሕግም በዩኒቨርሲቲ መምህሩም ተማሪውም ከሁለቱ ይፋዊ ቋንቋዎች የመረጠውን የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ በካታላንኛ ማስተማራቸው መብታቸው ነበር፤ ኢዛቤልም ፈተናዋን በስፓኝኛ መጻፍ መብቷ ነበር። አንዳቸው የሌላውን መብት መንካት አላስፈለጋቸውም።

ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን «ሁሉም ስፓኝኛ ስለሚያውቅ» የሚለው ምክንያት ነው። ይህ ምክንያት በዚያ ክፍል ውስጥ ትክክል ከሆነ በእያንዳንዱ ክፍል፣ በእያንዳንዱ ሱቅ፣ በእያንዳንዱ ሐኪም ቤት ትክክል ይሆናል፤ ስፓኝኛ የማያውቅ የካታላንኛ ተናጋሪ እዚህ ማግኘት አይቻልምና። እንግዳ በገባ ቁጥር ባለቤቱ ቋንቋውን የሚቀይር ከሆነ፣ በየዓመቱ እንግዳ በሚጎርፍባት ከተማ ካታላንኛ የሚነገርበት ሰዓት አይኖርም። የክልሉ መንግሥት በየአምስት ዓመቱ በሚያካሂደው ጥናት በ2003 ካታላንኛን የዘወትር ቋንቋዬ ነው ያለው ከነዋሪው 46 በመቶ ነበር፤ በ2023 ወደ 32.6 በመቶ ወርዷል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ከውጭ የመጣው ሕዝብ መብዛቱ ነው፤ እኔም ከመጡት አንዱ ነኝና ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም።

ከሌቨን፦
እዚህ በቤልጂየም ለሚኖር ሰው ጥያቄውን ያነሳችው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቤልጂየማዊት መሆኗ ከባድ ትርጉም አለው። የሌቨን ዩኒቨርሲቲ ደች በሚነገርበት በፍላንደርስ ምድር እያለ ከፊሉ ትምህርት በፈረንሳይኛ ይሰጥ ነበር። ፍላማንዶቹ (ደች ተናጋሪዎቹ) ተማሪዎች ተቃውመው አደባባይ ወጡ፤ በየካቲት 1968 መንግሥት እስከ መውደቅ ደረሰ፤ ዩኒቨርሲቲው ለሁለት ተከፍሎ ፈረንሳይኛው ክፍል አዲስ ወደተቆረቆረችው ሉቫን ላ ኔቭ ተዛወረ። የቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍት ሳይቀሩ ተከፋፈሉ። ስለዚህ ኢዛቤል ከዚህ ታሪክ አገር መጥታ የቋንቋ ጉዳይ የምቾት ጉዳይ ብቻ እንደሆነ አድርጋ ማቅረቧ አስገርሞኛል።

ቢሆንም ወቀሳዬን ወደ ሁለቱም አላዞርም። የኢራስመስ ተማሪ ከመነሳቱ በፊት የትኞቹን ኮርሶች እንደሚወስድ የሚገልጽ የትምህርት ስምምነት ይፈርማል፤ የሚልከውም የሚቀበለውም ዩኒቨርሲቲ ይፈርሙበታል። ኮርሱ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰጥ እዚያው በግልጽ ከተጻፈና መምህሩም እስከ መጨረሻው ከጸናበት ክፍል ውስጥ የሚያጨቃጭቅ ነገር አይኖርም። በኢራስመስ ሙንዱስ ነጻ የትምህርት ዕድል ከኢትዮጵያ የሚመጡ ወንድሞችና እህቶችም ከማመልከታቸው በፊት ይህን እንዲያጣሩ አጥብቄ እመክራለሁ።

የፊልም ወዳጅ፦
እህቴ ያቀረቡት መፍትሔ ለወረቀት ሥራው ይበጃል፤ ለተማሪው ግን በቂ አይደለም። የሚፈልገው ኮርስ በካታላንኛ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ቀድሞ ማወቁ ምርጫ አይሰጠውም። አውሮፓውያን ተማሪዎች ስፓኝኛን ለዓመታት ለፍተው ተምረው ወደ ስፔን ሲመጡ፣ የለፉበት ቋንቋ በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ዋጋ ሲያጣ ማየት ያሳዝናል። ካታላንኛ መጠበቅ አለበት፤ የጥበቃው ዋጋ ግን ለአንድ ዓመት በመጣ ወጣት ትከሻ ላይ መጫን የለበትም።

ከባርሴሎና፦
ዋጋው እኮ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ስፓኝኛ ለሚያውቅ ሰው፣ በተለይም እንደ ኢዛቤልና ዛቪዬ የአፍ መፍቻው ፈረንሳይኛ ለሆነ፣ ካታላንኛ በጥቂት ወራት ትምህርቱን ለመከታተል በሚያስችል መጠን ይገባል፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም ለእንግዶች የመጀመሪያ ደረጃ ኮርስ ይሰጣሉ። ደግሞም በአፓርታማው ስልክ አጠገብ የተለጠፈው ወረቀት የእኔን ሐሳብ ይደግፋል እንጂ የእርስዎን አይደግፍም፤ እዚያ ማንም ሰው ቋንቋውን እንዲተው አልተጠየቀም፤ እያንዳንዱ የሌላውን ጥቂት ቃል እንዲማር ነው የተጠየቀው።

ከክፍሉ ትዕይንት በኋላ ተማሪዎቹ በዚሁ ጉዳይ ሲከራከሩ የሚናገረውን የጋምቢያ ተወላጅ ወጣትም እናስታውስ። ጋምቢያዊ ማንነትም ካታላናዊ ማንነትም እንዳለው፣ ሁለቱም እንደማይጣሉበት ይናገራል። ስለ ፊልሙ የሚያወሩ ሰዎች ሁሉ ስለ ዛቪዬና ስለ ጓደኞቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ለእኛ ለስደተኞች ግን ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ወጣት ነው። የልውውጥ ተማሪዎቹ በዓመቱ መጨረሻ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ፤ እርሱ እዚያው ይኖራል፣ እዚያው ሥራ ይፈልጋል፣ ልጆቹንም እዚያው ትምህርት ቤት ይልካል። ትምህርቱ በስፓኝኛ ይሁን ሲባል የእርሱ ድካምም አብሮ ይሰረዛል፤ እንደ አገሩ ሰው ለመቆጠር ብሎ የተማረው ቋንቋ ለእንግዳ ምቾት ሲባል ከክፍሉ ይወጣበታልና። ፕሮፌሰሩ መልሳቸውን በለሰለሰ አንደበት ቢሰጡ ኖሮ ደስ ባለኝ፤ ትምህርታቸውን ግን በካታላንኛ በመቀጠላቸው እደግፋቸዋለሁ።