ሀብታም ክልል አገሩን ጥሎ ይሂድ? የካታሎኒያ ክርክር

አድሚን፦ የዛሬው ጥያቄ ትናንት ማታ እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ኳስ እያየን የተነሳው ነው። አንድ ሀብታም ክልል "የምሰጠው ይበዛል የማገኘው ያንሳል" ብሎ ከአገሩ መገንጠል አለበት ወይ? ባርሴሎና ያለችበትን የስፔን ክልል ካታሎኒያን ይዘን እንከራከር። ስድብ የለም፣ የአገር ውስጥ ፖለቲካ የለም። የጣሰ ይሰረዝበታል፣ ኋላ ኢንቦክስ መጥታችሁ እንዳትለማመጡኝ።

ባርሳ የቆጪ፦ ይሄ ምን ጥያቄ አለው ይገንጠሉ እንጂ! ከስፔን ሕዝብ 16 በመቶ ናቸው፣ ከኢኮኖሚው ግን 19 በመቶውን የሚያመጡት እነሱ ናቸው። በዓመት ወደ 16 ቢሊዮን ዩሮ ማድሪድ ሄዶ አይመለስም ይላሉ። ደሞ ሕዝቡ ተጠይቋል እኮ፣ ኦክቶበር 1 2017 ሪፈረንደም አድርገው 90 በመቶው እንሂድ ብሏል፣ ፖሊስ መጥቶ ኮረጆ ሲነጥቅ ሽማግሌ ሲደበድብ ዓለም በቲቪ አይቷል። የዛን ቀን ባርሳ ላስ ፓልማስን 3 ለ 0 ያሸነፈው በባዶ ስታዲየም ነው። የባርሳ ስታዲየም ካምፕ ኑ ላይ 17ኛው ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ሲሆን ለምን እንደሚጮሁ የማያውቅ ካለ፣ ባርሴሎና በ1714 በስፔን ንጉሥ ጦር እጅ የወደቀችበትን ነው የሚያስታውሱት።

ማድሪዲስታ፦ 90 በመቶ ከማለትህ በፊት ስንት ሰው ወጣ በል። 43 በመቶ ነው የወጣው። አልሄድም የሚለው አብዛኛው እቤቱ ተኝቶ ነበር። እና ብትሄዱስ ከማን ጋር ልትጫወቱ ነው፣ ከካታሎኒያዎቹ ክለቦች ከኤስፓኞልና ከጂሮና ጋር ዓመቱን ሙሉ እየዞራችሁ? ሃሃሃሃ

ኢኮ ሦስተኛ ዓመት፦ ኳሱን ተዉትና ወደ ብሩ እንምጣ። ያ 16 ቢሊዮን የካታላኖቹ ሂሳብ ነው፣ የማድሪድ ግምጃ ቤት ሲያሰላው 10 ቢሊዮን ገደማ ነው ያለው። ሁለቱም አልዋሹም፣ ልዩነቱ ባብዛኛው የአቆጣጠር ነው። አንዱ ብሩ የት ቦታ ወጣ ብሎ ይቆጥራል፣ ሌላው ማን ተጠቀመበት ብሎ። ማድሪድ የተቀመጠ መከላከያ ሚኒስቴር የሚጠብቀው ማድሪድን ብቻ ነው ወይስ ባርሴሎናንም? እዚህ ላይ የምትሰጠው መልስ ብቻ ቢሊዮኖች ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ተበዝብዘናል የሚለው ነገር ካልኩሌተር ላይ አያልቅም።

የአጋሮዋ ነጋዴ፦ እኔ ደግሞ ስለ አውሮፓ ብዙ አላውቅም ግን ስለ ብር አውቃለሁ፣ ጀንፈል ስሰበስብ ነው የኖርኩት። ክልል ግብር ሲከፍል አይቼ አላውቅም፣ ግብር የሚከፍል ሰው ነው። ያተረፈ ብዙ ይከፍላል ያላተረፈ ትንሽ። ባርሴሎና ያለ የቀን ሠራተኛ ምን ያህል ልኮ ነው ተበዘበዝኩ የሚለው? ድሃ በሚባለው ክልል ያለ ሀብታምስ በዛው ሕግ አይደል የሚከፍለው? እነዛ ባለ ፋብሪካዎች የራሳቸውን ሂሳብ የሕዝቡ ሂሳብ አስመስለው ነው የሚያወሩት።

ኢኮ ሦስተኛ ዓመት፦ እትዬ ያሉት ትክክል ነው፣ ካታሎኒያ ውስጥም ይህንኑ ገልብጠው ቀልደውበታል። ከሪፈረንደሙ በኋላ የባርሴሎናና የታራጎና አካባቢ ሰዎች "ታባርኒያ" የሚባል የምናብ ክልል ይዘው ተነሡ፣ ካታሎኒያን የምንመግበው እኛ ነን ስለዚህ እኛም ከካታሎኒያ እንገንጠል ብለው። መገንጠል የሚፈልጉት የሚሉትን እያንዳንዱን ቃል ወስደው መለሱላቸው። ቀልድ ነው ግን እስካሁን ጥሩ መልስ የሰጠ አላየሁም።

ባርሳ የቆጪ፦ ቀልድ ማስረጃ አይሆንም ብሮ። ስሎቬኒያስ? ከዩጎዝላቪያ ሕዝብ 10 በመቶ እንኳ አትሞላም ነበር፣ ከሁሉም ሀብታሟ ግን እሷ ነበረች። 1991 ላይ ወጣች፣ ጦርነቱ 10 ቀን ነው የፈጀው፣ 2004 ላይ አውሮፓ ኅብረት ገባች። አሁን ተጸጸተች የሚል አለ?

የኮንጎ ዘማች ልጅ፦ የሚያምረውን ብቻ አታንሳ። አባቴ ከኢትዮጵያው ጠቅል ብርጌድ ጋር ኮንጎ ዘምቷል። ኮንጎ ነፃ በወጣች በ11ኛው ቀን፣ ጁላይ 1960፣ ካታንጋ የምትባለው ክልሏ ተገነጠልኩ አለች፣ መዳብ ያለባት እሷ ናታ። ከኋላ የቆመው የቤልጂየም የማዕድን ኩባንያ ነበር። የኮንጎን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረውን ሉሙምባን እዛው ወስደው ገደሉት፣ ነገሩ የተዘጋው ጃንዋሪ 1963 ነው። ሀብታም ክልል ልሂድ ሲል መጀመሪያ ብሩን ማን እንደሚይዘው ጠይቅ።

ደቡብ ጎዳና፦ ስፔኖቹ እኮ ሕጋቸው አይፈቅድም፣ የ1978ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 የማይከፋፈል አንድነት ነው የሚለው። የኛ አንቀጽ 39 ግን

አድሚን፦ ደቡብ ጎዳና ቁም። እዛ ከገባን ዛሬ አንወጣም።

ጋሽ መምህር፦ አድሚን እኔ የማነሳው ታሪክ ነው ፖለቲካ አይደለም፣ እንዳትሰርዝብኝ። ልጆች፣ ሂድ ወይም ቆይ ብላችሁ ብቻ ነው የምትከራከሩት፣ መሐል ላይ ያለውን የዘለላችሁት የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጅሬን ላይ ቆማችሁ ነው። አባ ጅፋር 2ኛ በፈረንጅ 1878 ጅማ ላይ ነገሡ። ዙሪያቸው ያለው አገር በጦርነት ሲያልቅ እሳቸው ከምኒልክ ጋር ተዋዋሉ፤ ግብር በየዓመቱ እገብራለሁ፣ ጅማን ግን ራሴ አስተዳድራለሁ። ገበያው አልተቃጠለም፣ ሂርማታ ገበያ ነጋዴው ከየአገሩ እየመጣ ደራ። አሁን ስፔንን ተመልከቱ። በዛው በ1878 ሰሜን ስፔን ያሉት ባስኮች ከማድሪድ ጋር ተዋዋሉ፤ ግብሩን እኛ እንሰበስባለን፣ ለናንተ ድርሻችሁን እንከፍላለን። ድርሻው ኩፖ ይባላል፣ እስከ ዛሬ ይሠራል። ባስክም ሀብታም ነው፣ ብዙ ደምም ፈሶበታል፣ በብሩ ጉዳይ ግን እንደ ካታሎኒያ ሲጮህ አትሰሙም፣ ለምን? ካዝናው በእጁ ነዋ። የካታላኖቹም ጥያቄ ከስሩ ይኸው ነበር። በ2006 የወጣውን የራስ አስተዳደር ሕጋቸውን ፍርድ ቤት በ2010 ቆራረጠባቸው፣ በ2012 ፕሬዚዳንታቸው ማስ እንደ ባስኮቹ አድርጉን ብሎ የስፔኑን ጠቅላይ ሚኒስትር ራኾይን ለመነ፣ እምቢ ተባለ። መገንጠል የሚለው ጩኸት አገር ያጥለቀለቀው ከዛ ወዲህ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ መገንጠል የለባቸውም፣ ውል ግን ይገባቸዋል።

ባርሳ የቆጪ፦ ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የጅማ ውል መጨረሻው ምን ሆነ? አባ ጅፋር አርጅተው ሲደክሙ በፈረንጅ 1932 ላይ ቀረ፣ ሹም ከአዲስ አበባ መጣ። የባስኮቹንም እኮ አምባገነኑ ፍራንኮ 1937 ላይ ከሁለቱ አውራጃ ቀምቷቸዋል፣ ወግታችሁኛል ብሎ። ጠንካራው በፈለገ ቀን የሚቀደው ወረቀት ከሆነ ለምን ይዋዋላሉ? እሱ ራሱ ነው እኮ እንገንጠል የሚያሰኘው።

ጋሽ መምህር፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው አንተ ልጅ። የባስኮቹ 1981 ላይ ተመልሷል በል እንጂ። ለጅማ 50 ዓመት ገደማ ሰላም ገዝቷል፣ 50 ዓመት ለአንድ ነጋዴ ዕድሜው ነው። መገንጠሉ የበለጠ ዋስትና ይሰጣል ያለህ ማነው?

ኢኮ ሦስተኛ ዓመት፦ ጋሼ እኔ ግን በውሉም አልስማማም። ባስክና ተመሳሳይ ውል ያላት ጎረቤቷ ናቫራ ትንንሽ ናቸው፣ የስፔንን ካዝና ብዙ አይጎዱትም። 19 በመቶ የሚያመጣው እንደነሱ ካደረገ ድሃ ለሆነችው የደቡብ ክልል ለአንዳሉሲያ ሆስፒታል ማን ይከፍላል? ማድሪድ እምቢ ያለው ለክፋት ብቻ አይደለም።

የአጋሮዋ ነጋዴ፦ እና ባንኮቹስ? ሰምቼ ነበር ሸሹ ሲባል።

ኢኮ ሦስተኛ ዓመት፦ አዎ እትዬ፣ ሪፈረንደሙ ሳምንት ሳይሞላው ሳባዴል አሊካንቴ፣ ካይሻባንክ ቫሌንሲያ ዋና መሥሪያ ቤታቸውን አዛወሩ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ መገኘትን ፈርተው። ሳባዴል 2025 ላይ ተመልሷል፣ ካይሻ እዛው ነው። የተገንጣዮቹ መሪ ፑጅዴሞንም ወደ ቤልጂየም ሸሸ። በ2024 ምርጫ ደግሞ ተገንጣዮቹ ፓርላማው ላይ አብላጫ አጡ።

ባርሳ የቆጪ፦ ሰዉ ደክሞት ነው፣ ሐሳቡን ቀይሮ አይደለም።

ኢኮ ሦስተኛ ዓመት፦ እሺ አንዲት ጥያቄ መልስልኝና ልተኛ። ነገ ይሂዱ ብንል የስፔንን ዕዳ ስንት በመቶውን ይዘው ይሂዱ፣ በሕዝብ ቁጥር 16 ወይስ በኢኮኖሚ 19?

ባርሳ የቆጪ፦ በሕዝብ ነዋ፣ 16።

ማድሪዲስታ፦ ስትኩራራ 19 ስትከፍል 16፣ ወላሂ አንተ ካታላን ነህ ሃሃሃሃ