ስኖርክሊንግ ልሄድ ነው፤ ደህናውን አስጎብኚ በምን ልለይ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር ከጓደኞቼ ጋር ኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ መሳይ ክምር) ለማየት እንሄዳለን። ስኖርክሊንግ፣ ማለትም ማስክና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ እየተንሳፈፉ ከሥር ያለውን ማየት፣ ሞክሬ አላውቅም። ዋናም ቢሆን እችላለሁ ለማለት ያህል ነው፣ ገንዳ ውስጥ እንኳ ቶሎ ይደክመኛል። ያየኋቸው አዘጋጆች በሙሉ «ተፈጥሮን እንጠብቃለን» ይላሉ፣ ሁሉም አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ሎጎ አላቸው። የእውነቱን ከወሬው በምን ልለየው? አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ «ሪፉን የጨረሰው ቱሪስት ነው፣ ባትሄጂ ይሻላል» ብላ ጭራሽ ሐሳቤን በታተነችው። እውነቷን ነው እንዴ?

መልህቅ፦
ሰው ይዤ ውኃ ውስጥ ስገባ ዓመታት ሆኖኛል፣ ስለዚህ በቀጥታ ልንገርሽ። ቅጠሉን ተዪው። ጀልባው ሲቆም በምን እንደሚታሰር ጠይቂ። «ቦይ» የሚሉት፣ ከባሕሩ ወለል ጋር በቋሚነት የታሰረ ተንሳፋፊ ላይ የሚታሰር ከሆነ ጥሩ። መልህቅ ሪፉ ላይ የሚጥል ከሆነ ግን ሌላውን አትጠይቂ፣ እሱን ሰርዢው። ድንጋይ የሚመስለው ድቡልቡሉ ኮራል በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ወገብሽ ድረስ የሚደርስ ኮራል ስታዪ ዕድሜው ወደ መቶ ዓመት ሊጠጋ ይችላል ማለት ነው፣ እና አንድ መልህቅ በአንድ ጊዜ ይሰነጥቀዋል።

ከዚያ ለአንድ አስጎብኚ ስንት ሰው እንደሚመደብ ጠይቂ። ሃያ ሰው ለአንድ ሰው ከሆነ ጉብኝት አይደለም፣ እረኝነት ነው። ደግሞም መጀመሪያ አሸዋማ ቦታ ላይ ያለማምዱሽ እንደሆነ ጠይቂ፣ እኔ ከሁሉም በላይ የማየው ይሄንን ነው። ምክንያቱም አብዛኛው ጉዳት በክፋት አይመጣም። ጀማሪው ማስኩ ውስጥ ትንሽ ውኃ ይገባበታል፣ ይደነግጣል፣ ማስኩን ለማስተካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እግሩን እንደ ብስክሌት ያሽከረክራል። ፊኑ (እግር ላይ የሚጠለቀው መቅዘፊያ) ረጅም ስለሆነ ምን እንደነካ እንኳ አይሰማውም። እኔ ግን ከሥር ሆኜ ቅርንጫፉ ኮራል እንደ ጭራሮ ቀንጠስ ሲል አያለሁ። እሱ ወጥቶ «በጣም ደስ ይላል!» ይለኛል። ምን ልበለው?

ላይፍ ጃኬት ልበሺ፣ አትፈሪ፣ ማንም አይስቅብሽም። በሆድሽ ተንሳፍፈሽ ትቆዪያለሽ፣ ሲደክምሽም የምትቆሚበት አትፈልጊም።

ጥላ ወዳድ፦
@መልህቅ የሚበላ ነገር እየበተነ ዓሣ የሚሰበስበውን አስጎብኚ ረሳኸው። ፎቶው ያምራል፣ ግን በቀቀን ዓሣን የመሳሰሉት ሥራቸው ኮራሉ ላይ የሚበቅለውን አልጌ (ዕፅ መሳይ የውኃ ውስጥ ነገር) መጋጥ ነው። የሚበላ ከላይ ከተወረወረላቸው ሥራቸውን ይተዋሉ፣ አንዳንዱ ደግሞ ለምዶ ሰው መንከስ ይጀምራል። ኮከብ ዓሣ አውጥቶ ከእጅ ወደ እጅ የሚያዞር አስጎብኚም ያው ነው።

ሌላው ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ነው። ሃዋይ ኮራል ይጎዳሉ የተባሉት ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉ ኬሚካሎች ያሉባቸው ክሬሞች እንዳይሸጡ በ2018 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ሕግ አወጣች፣ ከ2021 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። የፓስፊክ ደሴቶች አገር የሆነችው ፓላውም በ2020 የራሷን እገዳ ጀመረች። «ለሪፍ የማይጎዳ» የሚለውን ጽሑፍ አይተሽ ብቻ እንዳትገዢ፣ ማንም እንደፈለገ ይለጥፈዋልና ጀርባውን አንብቢ። እኔ በበኩሌ እጅጌ ረጅም የዋና ልብስ ለብሼ ተገላግያለሁ። ስኖርክል ስታደርጊ የሚቃጠለው ጀርባሽና የባትሽ ኋላ ነው፣ እዚያ ደግሞ ክሬም መቀባት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ሞገድ፦
ለጓደኛሽ ጥያቄ። ግማሽ እውነት ነው። ኮራልን በብዛት እየፈጀ ያለው ሙቀት ነው። ኮራሉ ሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ነው አብዛኛውን ምግቡንም ቀለሙንም የሚያገኘው። ውኃው በሞቃታማው ወቅት ከተለመደው ከፍተኛ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል አልፎ ለሳምንታት ሲቆይ አልጌዎቹን ያስወጣቸዋል፣ ይነጣል። ወዲያው ሞተ ማለት አይደለም፣ ግን እየተራበ ነው። የአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 በሰፊው ነጥቷል። ይሄን ያመጣው የአንቺ ፊን አይደለም።

ቱሪስት ንጹሕ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ታይላንድ ማያ ቤይ የሚባለውን የባሕር ዳርቻ በ2018 የዘጋችው የሰውና የጀልባ ብዛት ኮራሉን ስለጎዳው ነው፣ ለጎብኚ የተከፈተውም በ2022፣ ያውም በገደብ። በሌላ በኩል የካሪቢያኗን ደሴት ቦኔርን እዪ። በደሴቷ ዙሪያ ያለው ባሕር ከ1979 ጀምሮ ፓርክ ነው፣ ሪፍ ላይ መልህቅ መጣል ክልክል ነው፣ ጎብኚው የሚከፍለውም ለፓርኩ ጥበቃ ይውላል። ስለዚህ አትሂጂ አልልሽም። የመግቢያ ክፍያሽ የት እንደሚገባ ግን ጠይቂ።

ጀማሪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! የነገራችሁኝን ይዤ ለሁለት አዘጋጆች ጻፍኩ። የመጀመሪያው ስለ መልህቁ ምንም አላለም፣ ዋና ብዙም አልችልም ላልኩት ግን «አይዞሽ፣ ጥልቀት የለውም፣ ሲደክምሽ ኮራሉ ላይ መቆም ትችያለሽ» አለኝ። ሁለተኛዋ ቦይ ላይ እንደሚታሰሩና ለአንድ አስጎብኚ ስድስት ሰው እንደሆነ ነግራኝ፣ የማስኩን ልክ እንዲያዘጋጁ ጭምር ጠየቀችኝ። ለእሷ ቀብድ ከፍያለሁ። አሁን ገንዳ ውስጥ ማስኬን አድርጌ መንሳፈፍ እየተለማመድኩ ነው፣ እስካሁን ሁለት ጊዜ ብቻ ውኃ ጠጥቻለሁ።

መልህቅ፦
ሦስተኛውንም እዚያው ገንዳው ውስጥ ጠጪው 😄