የፐርሚያን እሳተ ገሞራ ድንጋይ፦ ውፍረቱ ለምን አልገጥም አለኝ?

ሀዊ ከጅማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው ያለሁት፣ የጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ። ለሴሚናር የደረሰኝ ጣሊያን ውስጥ ቦልዛኖ አካባቢ ያለው የፐርሚያን (ከዳይኖሰሮች በፊት የነበረ የምድር ዘመን) እሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ አቴሲያን ግሩፕ የሚሉት። ሁለት ሴክሽን (የአንድን ቦታ ንብብር ከታች እስከ ላይ የሚያሳይ ሥዕል) ጎን ለጎን አድርጌ ላገጣጥም ስሞክር ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ እስካሁን እምቢ ብሎኛል። ላይኛው ኢግኒምብራይት፣ ኦራ ፎርሜሽን የሚባለው ንብብር፣ አንድ ቦታ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሌላ ቦታ ደግሞ በጣም ይሳሳል። እኔ ንብብር ሲባል መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ነበር የሚመስለኝ፣ ታችኛው ቀድሞ የወጣ፣ ሁሉም እኩል የተዘረጋ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? የጅማን ድንጋይስ ለምሳሌ ባመጣው ያስኬዳል?

የድንጋይ ወዳጅ፦
ቅደም ተከተሉን አልሳትሽም። የሳትሽው “እኩል የተዘረጋ” ያልሽውን ነው። ኢግኒምብራይት መሬት ለመሬት የሚጋልብ የጋለ አመድና ጋዝ የጣለው ድንጋይ ነው፤ ዝቅ ያለውን ይሞላል፣ ጉብታው ላይ ይሳሳል ወይም ጭራሽ አይደርስም። በዛ ላይ ከሥር ያለው የማግማ (የቀለጠ ድንጋይ) ቋት ሲጎድል መሬቱ ይሰምጥና ካልደራ ይሆናል፣ ከሚወጣው ብዙው እዛው ይከማቻል። ያ ከ1,000 ሜትር በላይ ያልሽው የካልደራው ውስጥ ነው።

ስለዚህ በውፍረት አታገጣጥሚ። ከታች ሜታሞርፊኩን (በሙቀትና በግፊት የተለወጠውን አሮጌ ድንጋይ) እና እሱ ላይ የተኛውን ኮንግሎሜሬት (የተጣበቀ ጠጠር) ያዢ፣ ከላይ ቀዩን የቫል ጋርዴና አሸዋ ድንጋይ። የመሃሉ ክምር ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይወፍራል፣ ዕድሜው በግምት ከ285 እስከ 274 ሚሊዮን ዓመት ነው።

ከአጋሮ፦
ስለ ጅማው እኔ ልመልስ። ለዕድሜ አታምጪው፣ የእኛ ባዛልትና ራዮላይት (ጥቁሩና ነጣ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ከፐርሚያን ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ ነው። ለአሠራሩ ግን በጣም ጥሩ ነው። መንገድ የተቆረጠበት ቦታ ሄደሽ ሁለት የላቫ ንብብር መሃል ቀይ አፈር ካገኘሽ ቆም በይ። የአፈሩን አናት በጥፍርሽ ሞክሪው፣ ላይ የፈሰሰው ላቫ ስለጠበሰው እንደ ጡብ ይጠነክራል፣ ዝቅ ስትዪ ይለሰልሳል። ያ አፈር እሳተ ገሞራው አርፎ፣ ዝናብ ዘንቦ፣ ሣር በቅሎ እንደነበር ይነግርሻል። አቴሲያን ውስጥም በእሳተ ገሞራው ድንጋይ መሃል የገቡ የደለል ንብብሮች አሉ። ውፍረቱን ትተሽ እነሱን ፈልጊ።

ሀዊ ከጅማ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ ቀያዮቹ ኢግኒምብራይቶች በፎቶ ሁሉም አንድ ይመስሉኛል። በቀለም መለየት ይቻላል?

የድንጋይ ወዳጅ፦
በቀለም አይሆንም እህቴ። ተጨፍልቀው እንደ ምስር የጠፈጠፉትን የፐሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ቁርጥራጮች እይ፣ የክሪስታሉን ዓይነትና ብዛት ቁጠሪ። እዛ የሠሩት ሰዎችም የቁርጡን ዕድሜ ያገኙት ድንጋዩ ውስጥ ካለ ዚርኮን ከሚባል ጥቃቅን ክሪስታል ነው፣ ውስጡ ያለው ዩራኒየም ምን ያህሉ ወደ ሊድ እንደተለወጠ ለክተው። ደግሞ አደራ፣ በኦራና በቫል ጋርዴና መሃል ቀጥ ያለ መስመር እንዳታሰምሪ። እዛ ጋ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ጎድሏል፣ ድንጋዩም ተሸርሽሯል። ሞገደኛ መስመር አድርጊው፣ ጎኑ ላይም ክፍተት ብለሽ ጻፊበት።