ዜማው የሕዝብ ነው፤ አጨዋወቱስ የማን ነው?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ዜማ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል። «ቦናፓርትስ ሪትሪት» ይባላል፣ የቦናፓርት ማፈግፈግ ማለት ነው። አሜሪካኖች ፊድል የሚሉት የገጠር ቫዮሊን ዜማ ነው። ዊሊያም ሃሚልተን ስቴፕ የሚባል የኬንታኪ ሰው ሲጫወተው የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢው አለን ሎማክስ በ1937 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ሳሊየርስቪል ላይ ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ቀረጸው። ሩት ክሮፎርድ ሲገር ቅጂውን እየሰማች ወደ ኖታ ገለበጠችው፣ በ1941 መጽሐፍ ላይ ወጣ። በ1942 አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ አሮን ኮፕላንድ «ሮዴዮ» የተባለውን ባሌት ሲሠራ ያንን ኖታ ከሞላ ጎደል እንዳለ ወስዶ «ሆ-ዳውን» የሚለው ክፍል ውስጥ አስገባው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው የኮፕላንድ ብሎ ነው። ይኼ ስርቆት ነው ወይስ በሕዝብ ዜማ መጠቀም?

የሕግ ተማሪ፦ ስርቆት የሚለው ቃል ከበደኝ። ዜማውን ስቴፕ አልፈጠረውም። ኤ. ኤ. ግሬይ የሚባል የጆርጂያ ተጫዋች በ1924 በሸክላ አስቀርጾታል። ሎማክስ ስቴፕን ከመቅረጹ 13 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ከአየርላንድ የመጣ ነው የሚሉም አሉ። ናፖሊዮን ከሞስኮ ያፈገፈገው በ1812 ነው፤ ስሙ ከዚያ ወዲህ ተለጠፈበት እንጂ ዜማው ራሱ ከዚያ ሊቀድም ይችላል። ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረን ነገር ማን የእኔ ይላል? የአሜሪካ የፌዴራል ሕግም ቢሆን የተቀረጸ ድምፅን መጠበቅ የጀመረው በ1972 ነው።

የመሰንቆ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ዜማና አጨዋወት ይለያያሉ። ይኼንን ዜማ የድሮ ተጫዋቾች በአብዛኛው በዝግታ፣ እንደ ሰልፍ ሙዚቃ ነበር የሚጫወቱት። ስቴፕ ግን አፍጥኖ ጭፈራ አደረገው። የኮፕላንዱን ስትሰማ ቁጭ ብለህ ታስባለህ ወይስ እግርህ ይነሣል? ያ ፍጥነት የስቴፕ ነው።

ቅኝቱንም ተመልከት። ቫዮሊን ሲቃኝ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ነው። ለዚህ ዜማ ግን ወፍራሙን ክር ከሶል ወደ ሬ፣ ቀጭኑን ከሚ ወደ ሬ ያወርዱታል። ወፍራሙ ክር ሲላላ ድምፁ ይጎረንናል። አንዱ ክር ዜማውን ሲሄድበት ሌላው ከሥሩ ሳያቋርጥ ያጉረመርማል። እኔ በአንድ ክር ስለምጫወት በሁለት ክር እንዲህ ሲደረግ ስሰማ ደጋኑን የያዘውን እጅ ባየሁት እላለሁ። ይኼ የአንድ ሰው እጅ ነው፤ «ሕዝብ» ብለህ አታልፈውም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቫዮሊን አስተምራለሁ። የስቴፕ ቅጂ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይሰማል። ከኮፕላንዱ ጋር አከታትዬ ለተማሪዎቼ ሳሰማቸው አንዷ «እና ይኼ ሰውዬ የታለ?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት።

ግን ሩትንም አትርሷት። ደጋኑ የት እንደሚመለስ፣ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ጋር እንደሚጎተት ሳይቀር ነው የጻፈችው። እሷ ያን ያህል ባትለፋ ኮፕላንድ የሚያነበው ኖታ አይኖረውም ነበር። መጽሐፉ ላይ ደግሞ የስቴፕ ስም ከነከተማው ታትሟል። ስለዚህ አልታወቀም ነበር የሚባል ምክንያት የለም።

የሕግ ተማሪ፦ መጽሐፉ ላይ ስሙ እንዳለ አላውቅም ነበር እህቴ፣ ይኼ ነገሩን ይለውጠዋል። ስም መጥራት ነበረበት፣ እስማማለሁ። ገንዘብ ይገባው ነበር የሚለው ላይ ግን አሁንም አይደለሁም። ስቴፕ ይከፈለው ካልን እሱን ያስተማረውስ?

ጠያቂው፦ ታዲያ ይኼንን ምን ትለዋለህ? ፒ ዊ ኪንግ የሚባል ዘፋኝ በዚሁ ዜማ ላይ ግጥም ጨምሮ በስሙ አስመዘገበው። በ1950 ኬይ ስታር ዘፍናው አገር ምድሩን አዳረሰ። ግጥም የጨመረ ባለመብት ከሆነ፣ ፍጥነቱን የለወጠ ለምን ባዶ እጁን ይቀራል? ስቴፕ የሞተው በ1957 ነው። «ሮዴዮ» ከታየ በኋላ 15 ዓመት በሕይወት ነበር። ሊጠየቅ፣ ሊመሰገን ይቻል ነበር እኮ።

አንጋፋው፦ ልጆች፣ ልግባ። ሁላችሁም የምታወሩት ስለተቀረጸ ሰው ነው። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ከባርነት ዘመን ጀምሮ ፊድል የሚጫወቱ ጥቁሮች ብዙ ነበሩ። የሸክላ ኩባንያዎች በ1920ዎቹ የጥቁሩን ሙዚቃ በአንድ ካታሎግ፣ የነጭ ገጠሬውን በሌላ ለይተው ሲሸጡ፣ ፊድሉ የነጮቹ ብቻ መሰለ። እዚያው ኬንታኪ አርኖልድ ሹልትዝ የሚባል ጥቁር ነበረ፤ ፊድልም ጊታርም ይጫወታል። ብሉግራስ የሚሉት የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ አባት ተብሎ የሚጠራው ቢል ሞንሮ ከእሱ ተምሬያለሁ ብሎ መስክሯል። ሹልትዝ በ1931 ሞተ፣ አንድም ቅጂ የለውም። የስቴፕን ስም ጻፉ፣ እኔም እጽፋለሁ። ነገር ግን «የዜማው ምንጭ ስቴፕ» ብላችሁ በሩን አትዝጉት። ማይክሮፎን ያልደረሰባቸው ብዙ እጆች አሉበት።

የመሰንቆ ልጅ፦ ጋሼ፣ ይኼ ልቤን ነካው። «ምንጭ» ማለቱን ትቻለሁ። «አጨዋወት» ግን አልተውም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ተማሪዎቼ «ሆ-ዳውን»ን መድረክ ላይ ሊጫወቱት ነው። ፕሮግራሙ ላይ እንዲህ ልጽፍ አስቤያለሁ፦ «ቅንብር አሮን ኮፕላንድ፣ በዊሊያም ሃሚልተን ስቴፕ አጨዋወት፣ ኖታ ሩት ክሮፎርድ ሲገር።» ምን ይጨመር?

የሕግ ተማሪ፦ መጀመሪያ ላይ «የሕዝብ ዜማ» የሚል ይግባ። ያኔ የጋሼም ሐሳብ ይካተታል።

አንጋፋው፦ ይግባ። ያቺ «ሰውዬው የታለ?» ያለችሽ ልጅ ደግሞ ከዝግጅቱ በፊት ተነሥታ ታንብበው።

የመሰንቆ ልጅ፦ ቅኝቱንም ጻፊው እህቴ፦ ሬ፣ ሬ፣ ላ፣ ሬ። ቤቱ ሄዶ መሞከር የሚፈልግ ልጅ አይጠፋም።