በሲ ፕሮግራም የሊኑክስ ተጠቃሚን የይለፍ ቃል ማረጋገጥ

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። በኡቡንቱ ላይ የሚሠራ አነስተኛ የሲ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው፤ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ተጠቃሚው ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባበትን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የተጠቃሚውን መረጃ ከሲስተሙ በሚያወጣው ጌትፒደብሊውናም (getpwnam) አምጥቼ፣ ሁለት ስትሪንጎችን (የፊደል ሰንሰለቶችን) በሚያመሳክረው ስትርኮምፕ (strcmp) ሳነጻጽር ግን ትክክለኛው ቃል ቢጻፍም አልመሳሰል አለኝ። በይለፍ ቃሉ ቦታ ያለውን ስትሪንግ ባሳትመው የወጣው አንዲት «ኤክስ» ፊደል ብቻ ነው። ስህተቴ የቱ ላይ ይሆን?

መልስ 1፦ ያቺ «ኤክስ» የይለፍ ቃሉ እዚያ እንደሌለና ሻዶው በተባለው ፋይል እንደሚገኝ ማመልከቻ ናት። ጌትፒደብሊውናም የሚያነበውን የፓስወርድ ፋይል ማንም ሊያነበው ስለሚችል፣ ሃሹ (ከይለፍ ቃሉ በስሌት የተሠራው ስትሪንግ) እንደ ሩት (የሲስተሙ የበላይ ተጠቃሚ) ያለ ልዩ ሥልጣን ያለው ፕሮግራም ብቻ ወደሚከፍተው ሻዶው ተዛውሯል፤ ከዚያ የሚያመጣልዎ ጌትኤስፒናም (getspnam) ነው። እዚያም ቢሆን ቃሉን ራሱን አያገኙትም። በ$6$ የሚጀምር ረጅም ስትሪንግ ካዩ በሻ 512 (SHA-512) ዘዴ የተሠራ ሃሽ ነው፤ ይህም ተመልሶ ቃል ስለማይሆን፣ ያለው መንገድ ተጠቃሚው የጻፈውን በዚያው ሶልት (ከቃሉ ጋር ተቀላቅሎ ሃሽ በሚደረግ የዘፈቀደ ስትሪንግ) ሃሽ አድርጎ ሁለቱን ማነጻጸር ነው። ሶልቱን ቆርጦ ለማውጣት አይድከሙ፤ የተቀመጠውን ሃሽ እንዳለ ሃሹን ለሚሠራው ክሪፕት (crypt) ሁለተኛ ግብዓት አድርገው ቢሰጡት ዘዴውንም ሶልቱንም ከመነሻው ያነባል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። በሱዶ (በሩት ሥልጣን) ሳስኬደው ሃሹ መጣ፤ ውጤቱ ግን ያው ነው። ቃሉን የምቀበለው የተጻፈውን መስመር በሚያነበው ኤፍጌትስ (fgets) ነው።

መልስ 2፦ ጣጣው እሱ ነው። ኤፍጌትስ ኢንተር ሲጫኑ የሚፈጠረውን የአዲስ መስመር ምልክት ጭምር ይዞ ስለሚመጣ፣ ባለ 8 ፊደል ቃል ሲጻፍ ወደ ክሪፕት የሚሄደው 9 ነው፤ ሃሽ ደግሞ አንዲት ምልክት ብትጨመርበት ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። (እኔም በዚህችው ምልክት አንድ ሙሉ ምሽት አቃጥያለሁ።) ከመጨረሻ ያጥፏት። ክሪፕት ሳይሳካለት ሲቀር ነል (ባዶ ጠቋሚ) ሊመልስ ስለሚችልም ሳይፈትሹ ለስትርኮምፕ አያቀብሉት።

መልስ 3፦ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም ለትምህርት ካልሆነ በቀር ሻዶውን በእጅ መክፈት አልመክርም። ለአንዲት ማነጻጸሪያ ብሎ መላውን ፕሮግራም በሩት ማስኬድ አደጋ አለው፤ በኤልዳፕ (የተጠቃሚዎችን መረጃ በማዕከላዊ ሰርቨር በሚይዝ ሥርዓት) በኩል የሚገቡ ተጠቃሚዎችም ሻዶው ውስጥ አይገኙም። ጉዳዩን ለፓም (PAM፣ የሊኑክስ የተጠቃሚ ማረጋገጫ ሥርዓት) ይተዉት። ፓም በመጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ያረጋግጣል፤ ቀጥሎ የአካውንት ፍተሻውን ሲጠሩ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት አካውንት እንዳይገባ ይከለክላል። ተጠቃሚው የሚያረጋግጠው የራሱን ቃል ብቻ ከሆነ ሱዶም አያስፈልግዎትም፤ ፓም ሻዶውን የሚያነብለት፣ ለዚያ የሚሆን ሥልጣን ያለው ትንሽ ረዳት ፕሮግራም አለው። ቃሉ ሲሳሳት መልሱ 2 ሰከንድ ያህል ቢዘገይብዎ ኮድዎን አይጠራጠሩ፤ በግምት የሚሞክሩትን ለማዘግየት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።