ከኤስ ቱ (ከሁለተኛው የልብ ድምፅ) ቀጥሎ የሚሰማውን ድምፅ በምን ልለየው?

በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ማይትራል ቫልቭ (በልብ ግራ በኩል የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል የሚለየው በር) የጠበበባቸውን ታካሚዎች ማዳመጥ እየተማርኩ ነው። ቤል (ዝቅ ላለ ድምፅ የሚሆነው ጎድጓዳ ጎን) እና ዲያፍራም (ቀጠን ላለ ድምፅ የሚሆነው ጠፍጣፋ ጎን) ያለው ተራ ስቴቶስኮፕ አለኝ፤ መጥበቡ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) የተረጋገጠ ነው። የቸገረኝ ከኤስ ቱ በኋላ ወዲያው የሚመጣው አጭር ድምፅ ነው።

የካሮቲድን (የአንገት ደም ቧንቧን) ምት በጣቴ ይዤ ኤስ ዋንን (የመጀመሪያውን የልብ ድምፅ) እለያለሁ፤ ጠንከር ብሎ ይሰማል። ታካሚው በግራ ጎኑ ተኝቶ ቤሉን ሳልጫን አፔክስ (የልብ ጫፍ) ላይ ሳሳርፈው የዲያስቶሉ (ልብ ዘና ብሎ በደም የሚሞላበት ጊዜ) ዝቅ ያለ ጉርምርምታም ይሰማኛል። ቤሉን ከተጫንኩት ግን ከሥሩ ያለው ቆዳ ተወጥሮ እንደ ዲያፍራም ስለሚሠራ ጉርምርምታው ይጠፋል። እስከዚህ ችግር የለም።

አጭሩ ድምፅ በዲያፍራም ስጫን ይበልጥ ስለሚጎላ ኤስ ስሪ (የልብ የታችኛው ክፍል፣ ቬንትሪክሉ፣ በፍጥነት ሲሞላ የሚሰማው ዝቅ ያለ ሦስተኛ ድምፅ) አይመስለኝም። ቫልቩ በጣም ሲጠብ ቬንትሪክሉ በፍጥነት ስለማይሞላም ኤስ ስሪ አይጠበቅም። የሚቀሩት ኦፕኒንግ ስናፕ (የጠበበው ቫልቭ ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ) እና የኤስ ቱ መሰንጠቅ (ኤስ ቱ ሁለት ሆኖ መሰማቱ) ናቸው። ድምፁ ከደረት አጥንት በስተግራ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው የጎድን አጥንት መካከል ይሰማል፤ ወደ አፔክስ ስወርድም አይጠፋም። ቦታው ብቻውን አልለየልኝም። ልባቸው በደቂቃ ከ100 በላይ የሚመታና ትንፋሽ የሚያጥራቸው ላይ ደግሞ አየር ሲስቡ የተሰነጠቀው ኤስ ቱ ክፍተት መስፋቱን መከታተል አልተቻለኝም። ታካሚው ሲቆም የኤስ ቱ መሰንጠቅ እንደሚጠብ፣ ከኤስ ቱ እስከ ኦፕኒንግ ስናፕ ያለው ክፍተት ግን እንደሚሰፋ አውቃለሁ፤ መቆም የማይችሉት ላይ ይህ አይሠራም።

እንዲህ ያለ ታካሚ ላይ ሁለቱን በጆሮ ለመለየት መጀመሪያ የት ቦታ፣ በየትኛው የትንፋሽ ክፍል ላይ ላዳምጥ?