«የኔ ቅማያት ያንተ ምንዥላት ናት» ሲባል ምን እንባባላለን?

የጎሐ ሥር፦
ሰላም ለቤቱ። የቤተሰብ የትውልድ ሐረግ በሠንጠረዥ እየወጣ ነው። አዘዞ ካሉ አንድ አዛውንት ቃል በቃል የተቀዳው ይህ ነው፦ «የኔ ቅማያት ያንተ ምንዥላት ናት፤ እንግዲህ ዝምድናችንን አንተው ቁጠረው»። ቅማያትና ቅድመ አያት አንድ ናቸው? ከአዛውንቱ ስም ሥርስ ምን ተብሎ ይጻፍ?

ፊደል ለቃሚ፦
አንድ ናቸው። «ቅድመ አያት» በአፍ ሲፈጥን «ድ» ተዋጠች፣ ቅማያት ሆነ። ቀጣይ ጥያቄ።

ዘቀሃ፦
ቀስ! «ቅድመ» የግእዝ ነው፤ ቅድመ ዓለም እንደምንለው «በፊት» ማለት ነው። ቅድመ አያት ከአያት በፊት ያለው ነው። ቅም አያት ግን ከቅድመ አያት በላይ ነው። ቆጠራው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፣ ምንዥላት፣ እንጅላት እያለ ይወጣል። ሁለቱን አንድ ያደረገ ሰው አንድ ትውልድ ቀበረ።

ፊደል ለቃሚ፦
የለም፣ አንተ ነህ አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ የወለድከው።

ሦስተኛ በር፦
በደረቁ ከምትጨቃጨቁ ከጎንደሩ ንጉሥ ከኢዮአስ ተነሥታችሁ ወደ ላይ ቁጠሩ። አባት ዳግማዊ ኢያሱ፣ አያት በካፋ፣ 3ኛ አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ 4ኛ ጻድቁ ዮሐንስ፣ 5ኛ ፋሲል፣ 6ኛ ሱስንዮስ። ቅማያትና ቅድመ አያት አንድ ከሆኑ የኢዮአስ ምንዥላት ጻድቁ ዮሐንስ ነው። ከተለያዩ ፋሲል ነው። ሁለቱም አቆጣጠር በየቤቱ ስላለ ሠንጠረዥ ላይ ስያሜውን ብቻውን አትመኑት፤ አጠገቡ «ላይ 3»፣ «ላይ 4» ብላችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ቃሉን ያስቀዳው ሰው ደግሞ «ቅማያት» ሲል ስንተኛዋን እንደሆነ የሰዎቹን ስም በተራ እያስጠራችሁ አረጋግጡ። «ያያትህ እናት ማን ትባላለች? የሷስ እናት?» እያሉ መውጣት ነው።

እንኮዬ መስክ፦
ወንድ ወንዱን ብቻ ቆጠርክ እኮ። እቴጌ ምንትዋብ የኢዮአስ አያት አይደሉም? ርስት በእናትም በአባትም ወገን ይቆጠር በነበረበት አገር እናትን ዘሎ መቁጠር ከየት መጣ? የአዛውንቱም ቃል «ናት» ነው የሚለው፤ መገናኛዋ ሴት ናት።

ሦስተኛ በር፦
ተቀብያለሁ። ከእያንዳንዱ ሰው በላይ የእናትና የአባት ሁለት ሣጥን ይሁን። ብቻ 4ኛው እርከን ላይ 16፣ 5ኛው ላይ 32 ሣጥን እንደሚሆን እወቂው፤ ወረቀቱን በወርዱ አድርጉት።

ቁጢ በጠሱ፦
ስለ ምንዥላት ማንም አልተናገረም። ከ«መነዘረ» ነው። ብር ሲመነዘር ሳንቲም እንደሚሆን ዝምድናም እየራቀ ሲሄድ ይመነዘራል።

ዘቀሃ፦
ይህን ለየኔታ ብትነግራቸው ከቅኔ ማኅበሩ ያስወጡህ ነበር። «ዝ» ወደ «ዥ» የሚሄደው የግሱ መጨረሻ ሲሆን ነው፦ ገዛ ገዥ፣ ያዘ ያዥ፣ አዘዘ አዛዥ። የመነዘረ መጨረሻ «ረ» ነው፤ መንዛሪ እንጂ መንዣሪ የሚል ሰው አለ?

ቁጢ በጠሱ፦
ሰምና ወርቅ ነው ያልኩት፣ ሰዋስው መቼ ወጣኝ።

የጭልጋ መንገድ፦
ሁሉን ወደ ግእዝ መጎተት ልማድ ሆነብን። ግእዝ አያትን እምሔው፣ ሴቷን እምሔውት ነው የሚላቸው፤ ምንዥላትና እንጅላት ከዚያ ጋር ምን አገናኛቸው? ሁለቱም መጨረሻቸው «ላት» ነው፤ የአንድ ቋንቋ ልጆች ይመስላሉ። እኔ ወደ አገው እጠረጥራለሁ። «አጎት»ንም እዚያው ነው የማስቀምጠው፤ የአገው ቋንቋዎች የእናት ወንድምን ከ«አግ» ጋር በተቀራረበ ቃል ነው የሚጠሩት።

ዘቀሃ፦
አማት ከሐማት፣ ዋርሳ ከወረሰ የመጡ መሆናቸውን ትክዳለህ?

የጭልጋ መንገድ፦
አልክድም። እነሱ ግን የጋብቻ ዘመዶች ናቸው። ከአያት በላይ ስትወጣ ግእዝህ «አበው» ብሎ በጅምላ ይጠራቸዋል።

ዘቀሃ፦
በጅምላ መጥራት ጉድለት አይደለም። «መጽሐፈ ልደቱ ለኢየሱስ ክርስቶስ ወልደ ዳዊት ወልደ አብርሃም» ሲል «ወልደ» የቅርቡንም የሩቁንም ይይዛል። ማቴዎስ ምዕራፍ 1 ላይ ኢዮራም ዖዝያንን ወለደ ይላል፤ በመካከል ግን አካዝያስ፣ ኢዮአስና አሜስያስ አሉ።

ሦስተኛ በር፦
ይቺን ያዙልኝ፣ ለሠንጠረዡ ትጠቅማለች። በቃል የሚቆጠር ሐረግ ላይም እንዲሁ ስም ይዘለላል፤ በተለይ የልጅ ልጅ በአያቱ ስም ሲጠራ። በካፋ በሁለት ኢያሱ መካከል ነው። «ኢያሱ በካፋን፣ በካፋ ኢያሱን» የሚለው ሲቸኩል ሁለቱ ኢያሱ አንድ ይሆኑና በካፋ ይጠፋል። መፈተሻው ዓመት ነው። ፋሲል በ1624 ዓ.ም. ነገሠ፣ ኢዮአስ በ1747። ልዩነቱ 123 ዓመት፣ እርከኑ 5፣ ለአንዱ ወደ 25 ዓመት ይደርሳል። የናንተ ሐረግ ለአንድ እርከን 40ና 50 ዓመት ካወጣ መካከል ላይ የተዋጠ ሰው ፈልጉ።

እንኮዬ መስክ፦
የጠያቂው መልስ ግን እዚሁ ነበር፣ እናንተ ናችሁ የሸፈናችሁት። ቅማያት 3ኛም ትሁን 4ኛ፣ ምንዥላት ከሷ በአንድ ትበልጣለች። ስለዚህ አዛውንቱ ለመገናኛዋ ሴት ከጠያቂው በአንድ እርከን ይቀርባሉ። ከጠያቂው አባት ወይም እናት ጋር እኩያ ትውልድ ናቸው ማለት ነው። የወላጅ እኩያ አጎት ነው፣ ቢርቅም። የሩቅ አጎት ተብሎ ይጻፍ፣ በቅንፍ «በምንዥላት»።

ፊደል ለቃሚ፦
አጎት በ«ጎ» ነው በ«ጐ»?

ዘቀሃ፦
በ«ጐ»።

ቁጢ በጠሱ፦
አጎት መባሉ ይቅር። ሰውየውን ፊት ለፊት «አጎቴ» ብሎ የሚጠራ አለ? «አያ እገሌ» ነው የሚባለው።

እንኮዬ መስክ፦
መጥሪያ ሌላ፣ መጻፊያ ሌላ። አያ ለታላቅ ወንድምም ይባላል፤ ሣጥን ውስጥ ከገባ ነገ የሚያነበው ልጅ አዛውንቱን ወንድም ያደርጋቸዋል።

የጎሐ ሥር፦
እግዜር ይስጥልኝ። በስንት ቤት እንገናኛለን የሚለውስ? ሠንጠረዡ የተጀመረው ለጋብቻ ጉዳይ ነው፤ ከወዲያኛው ወገን የታሰበች ልጅ አለች።

ሦስተኛ በር፦
ይህን መጀመሪያ ነበር መናገር! ጠቡ ከየት ይጀመራል ነው። የመገናኛዋ ልጆች፣ ማለትም ወንድምና እህት፣ 1 ቤት ተብለው ከተቆጠሩ አዛውንቱ 3 አንተ 4 ናችሁ፣ ቅማያትን 3ኛ ካደረግናት። አንዳንዱ ግን ከወንድምና እህት ልጆች ነው አንድ ብሎ የሚጀምረው፤ ያኔ 2 እና 3 ትሆናላችሁ። በአንዱ አቆጣጠር ለጋብቻ የሚጠበቀውን ሰባት ቤት የሞላ በሌላው ስድስት ላይ ይቀራል። ደግሞ ሁለቱ ወገን ሲበላለጥ በረጅሙ የሚቆጥር አለ፣ በአጭሩ የሚቆጥር አለ። ልጅቷ የአዛውንቱ የልጅ ልጅ ከሆነች እንኳ ከ5 አታልፍም፤ በየትኛውም አቆጣጠር ሰባት አትሞላም።

ዘቀሃ፦
በአጭሩ ነው የሚቆጠረው። ጥንቃቄው ለዚያ ነው።

ፊደል ለቃሚ፦
ቅማያትን 4ኛ ካደረግከው በራስህ ቆጠራ 6 ትሆናለች እኮ ዘቀሃ። አሁን ቅማያትና ቅድመ አያት ይለያዩልህ?

የጭልጋ መንገድ፦
ለልጅቷ ሲሆን ይለያዩ።

ዘቀሃ፦
6ም ቢሆን 7 አይደለም።

የጎሐ ሥር፦
ከምንዥላቷ በላይ ያለው ሣጥን ገና ባዶ ነው። «እንጅላት» በ«ጅ» ነው በ«ዥ»?

ፊደል ለቃሚ፦
በ«ጅ»።

ቁጢ በጠሱ፦
በ«ዥ»። ከምንዥላት ጋር ቤት እንዲመታ።